ቀለብ የማይጠይቅ ዘበኛ

በልደታና በአብነት መካከል፣ ከአስፋልቱ በድንጋይ ደረጃ ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ የመይሙና ግቢ አለ። ቤተሰቦቿ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ሥራዋ ሕፃናት ማዋል ነው። ፍርድ ቤት የሚያጸዱ፣ ሜክሲኮ ካፌ ውስጥ የሚሠሩ፣ አብነት መንገድ ዳር አትክልት የሚሸጡ እናቶች ጠዋት ልጆቻቸውን አቅፈው ደረጃውን ይወርዳሉ፤ ሲመሽ መልሰው ይዘዋቸው ይወጣሉ። እስከ ምሳ ድረስ ግቢው በልቅሶና በሳቅ ይታመሳል። ከምሳ በኋላ ሁሉም በየፍራሹ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ የሚሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው።

እድላዊትም ልጅ ሳለች ከእነዚያ ፍራሾች በአንዱ ላይ ነበር የምትተኛው። አባቷ አቶ ሸዋንግዛው የፍርድ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት መይሙና ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊዚክስ ተምራ፣ ለዶክትሬት ውጭ አገር ሄዳ ተመልሳ አሁን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሰፈሩ በሙሉ "ዶክተር" ይላታል፤ መይሙና ግን "እድልዬ" ከማለት አልተወችም።

ወንዙ በበጋ ምንም አይደለም፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። በክረምት ግን ጠባዩ አይታወቅም። ልደታ ላይ ፀሐይ ወጥቶ፣ ልብስ ተሰጥቶ፣ ሰው ደጅ ተቀምጦ እያለ እንጦጦ ላይ የወረደው ዝናብ ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። የውኃው ጩኸት የሚሰማው አጥሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

እድላዊት ከውጭ እንደተመለሰች መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ሽቅብ ባለው ድልድይ ሥር የውኃውን ንዝረት የሚያዳምጥ መሣሪያ አስቀመጠች፤ መይሙና ግቢ ደግሞ እንጨት ላይ በቤቱ መብራት የሚሠራ ሳይረን ሰቀለች። ጎርፍ ከላይ ሲነሳ መሣሪያው በሬዲዮ ምልክት ይልካል፤ ሳይረኑ ይጮሃል፤ ውኃው እስኪደርስ ልጆቹን ደረጃውን ለማውጣት ጊዜ ይገኛል። ነገሩ መልካም ነበር። ችግሩ ግን መሣሪያው ሌት ተቀን መንቃት ነበረበት፤ ነቅቶ የሚያድር ነገር ደግሞ ይበላል። የነሐሴ ሰማይ በደመና ተሸፍኖ ሰነበተ፤ ከጎኑ ያለችው ሶላር ፀሐይ አጣች፤ ባትሪው አለቀ። አንድ እሑድ ውኃው መጣ፤ ሳይረኑ ትንፍሽ አላለም። እግዜር ሲያወጣ ሕፃናቱ በየቤታቸው ነበሩ። የግቢው አጥር፣ ማድ ቤቱና ፍራሾቹ ሁሉ ተጠርገው ሄዱ።

እድላዊት በማግስቱ ስትደርስ መይሙና እግሯን ጭቃ ውስጥ ነክራ የሕፃን ጫማ እየለቀመች ነበር።

"እትዬ መይሙና፣ ምን ልበልዎት..."

"ምንም አትበይኝ፣ እድልዬ። ማሽንሽ ሲተኛ ወንዙ አልተኛም፤ ያው ነው።"

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። እድላዊትን የጎዳትም ይኸው ነበር።

ያን በጋ እድላዊት ሌላ መንገድ አሰበች። ከተማረችበት ላቦራቶሪ ስትመለስ ለምርምር የተሰጧት ጥቂት ቺፖች ነበሯት፤ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጡ፣ ገና ገበያ ያልወጡ። እንደተለመደው ቺፕ በኤሌክትሪክ ፍሰት ብቻ የሚሠሩ አይደሉም፤ በኤሌክትሮን ስፒን ነው የሚሠሩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለተማሪዎቿ ማሳያ ነበር ያደረገቻቸው። አንዱን ድልድዩ ሥር፣ አንዱን ሳይረኑ ላይ ልትገጥም ወሰነች።

ለዚህ የመይሙና ታናሽ ወንድም አብዱልመናን አስፈለጋት። አብዱልመናን አብነት የብየዳ ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። እድላዊት የፈለገችው ከድልድዩ ሥር ውኃው ውስጥ ገባ ብሎ የሚንጠለጠል ላሜራ ነበር። ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ከጫፉ ያለው ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅልል ውስጥ ይወዛወዛል፤ ጥቅልሉ ያንን ንዝረት ወደ ደካማ ኤሌክትሪክ ለውጦ ለቺፑ ያሰማል። የመሣሪያው ጆሮ እንግዲህ ይኸው ነው።

አብዱልመናን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቺፑን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ተመለከተው። መተንፈስም ፈራ።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት፣ ጋሼ።"

"ከፊተኛው በምን ትለያለች? ያኛውም እኮ ሲገጠም ደህና ነበር።"

እድላዊት ጥቂት አሰበች። "የፊተኛውን ሜክሲኮ ላይ፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት አድርገው ያስቡት። ሥራው የሚሠራው ሁሉም ሲሮጥ ነው። ይጋፋል፣ ይገጫጫል፣ ያልበዋል። ስልክዎ ብዙ ሲሠራ የሚግለው ለዚህ ነው። ሩጫው ሲቆም ደግሞ የያዘው ሁሉ ይጠፋል።"

"እሺ። ይቺስ?"

"ግንቦት ልደታ ታቦት ሲወጣ አይተው ያውቃሉ?"

"ልደታ ተወልጄ እንዴት አላይም!"

"ሕዝቡ መላወሻ የለውም አይደል? ታቦቱ ከበሩ ብቅ ሲል ግን ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ፊቱን ያዞራል። ማንም አልተራመደም፤ ማንንም አልገፋም። ግን የሰዉን ፊት ከሩቅ ያየ ታቦቱ በየት በኩል እንዳለ ያውቃል። ይቺም እንደዚያ ናት። ኤሌክትሮኖቿ እንደ ትንንሽ ማግኔት ናቸው፤ ትርጉሙ ያለው ፊታቸውን ባዞሩበት አቅጣጫ ነው። ለማዞር ትንሽ ግፊት ትበቃለች። ካዞሩ በኋላ ደግሞ ኤሌክትሪክ ኖረም አልኖረም እንደዞሩ ይቆያሉ።"

አብዱልመናን ቺፑን እንደገና ትኩር ብሎ አየው። ኋላ "እኛም ሰላት ላይ ያው ነን" አለ ቀስ ብሎ። "ከቆምንበት ሳንነቃነቅ ነው ወደ መካ የምንዞረው።" ቺፑን በጥንቃቄ መለሰላት። "ካልበላ ዘበኛማ ይቀጠራል። ላሜራውን ነገ ነይና ውሰጂ።"

ግንቦት ላይ ገጠሙት፤ ምልክቱን ለመላክ ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልግ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ሶላርና ማጠራቀሚያ አደረጉለት። ሰኔን ሙሉ ቺፑ ወንዙን ሲማር ከረመ። ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩ፣ የመኪና ጎማ ተንከባሎ ሲገባ፣ ተራ ዝናብ ሲወርድ ላሜራው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ለየ። እድላዊት አምና የፊተኛው መሣሪያ ከመሞቱ በፊት፣ ክረምቱ ሲገባ የቀዳውን የአነስተኛ ጎርፎች ንዝረት ጨምራ አስተማረችው። ሳይረኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት አለች፤ ድልድዩ ሥር ያለው ቺፕ ደህንነቱን ባሳወቀ ቁጥር ብልጭ ትላለች። ሕፃናቱ መብራቷን ወደዷት። መይሙና ግን ቀና ብላም አላየቻትም። ልብሷን የምታሰጣው፣ ፍራሹን የምታነጥፈው ጆሮዋን ወደ ወንዙ ጥላ ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መብራቷ ቀረች።

እድላዊት ወዲያው መጣች። ድልድዩ ጋ ሄዳ ስታይ ከዳገቱ የወረደ ደለል ሶላሯን ቀብሯታል፤ የተሸፈነችበት ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው። ውኃው ከፍ ብሎ ስለነበር መውረድ አልተቻለም። አብዱልመናን ወገቡን በገመድ አስሮ ሞከረ፤ ግን ጭቃው ሲያንሸራትተው ጎረቤቶች ጎትተው አወጡት። ውኃው እስኪጎድል ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

እድላዊት ለመይሙና እውነቱን ነገረቻት። "ሞቷል፣ እትዬ። ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረች ኤሌክትሪክ አትኖርም። ድልድዩን እስክወርድ ድረስ አይመኑት።"

"መቼ አመንኩትና፣ ልጄ?" አለች መይሙና።

ከዚያ ወዲያ እድላዊት ትምህርት በሌላት ቀን ሁሉ መይሙና ግቢ መዋል ጀመረች። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ የተማሪ ወረቀት እያረመች፣ ዓይኗን ወንዙ ላይ ትጥላለች። ሳምንታት እንዲሁ አለፉ። አረንጓዴዋ መብራት አልበራችም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከብዙ ቀን ዝናብ በኋላ ሰማዩ ጠርቶ፣ ፀሐዩ ጀርባ የሚያሞቅ ሆኖ ነበር። ሕፃናቱ ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል። መይሙና ደፍ ላይ ተቀምጣ የልጅ ሱሪ ትጠቅማለች። አብዱልመናን አዲሱን አጥር ሊበይድ መጥቶ በር ላይ ነበር። ወንዙ ከጠዋቱ እንደውም ጎደል ብሏል፤ እድላዊት "ነገ ድልድዩን መውረድ እችላለሁ" ብላ አስባ ነበር።

ሳይረኑ ጮኸ።

ግቢው ተናወጠ። ሕፃናቱ ባንድ ላይ አለቀሱ። መይሙና መርፌውን ጥላ ብድግ አለች፤ ወንዙን አየች፤ ያው ነው፤ ሰማዩን አየች፤ ንጹሕ ነው። ወደ እድላዊት ዞረች።

"ምንድን ነው? ሞቷል አላልሽኝም?"

እድላዊት ላፕቶፗን ጥላ ተነሳች። መጀመሪያ የመጣላት "ሽቦ ተነካክቶ ነው፤ ልንቀለው" የሚል ሐሳብ ነበር። እጇን ወደ ሳይረኑ ዘርግታም ነበር። ከዚያ ያቺን አረንጓዴ መብራት አየች። እየበራች ነበር። መብራቷ ደግሞ ከድልድዩ ሥር መልእክት ካልመጣ በቀር አትበራም። ያ ሞቷል የተባለ፣ ደለል የተጫነው፣ ለሳምንታት ምንም ያልቀመሰ ነገር ከላይ ሆኖ እየተጣራ ነው። ይህን ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገባት።

"ወንዙ ነው የቀሰቀሰው!" ብላ ጮኸች። "ልጆቹን! ወደ ላይ! ጋሼ፣ ልጆቹን!"

መይሙና ሁለተኛ አልጠየቀችም። ሁለቱን ታናናሾች በሁለት ብብቷ አቅፋ ሮጠች። አብዱልመናን የብየዳ ጓንቱን እንዳደረገ ሦስት ልጅ ባንዴ አነሳ። እድላዊት አንዱን አዝላ፣ ሁለቱን እየጎተተች ደረጃው ላይ ደረሰች። ሳይረኑን የሰሙ ጎረቤቶች እየሮጡ ወርደው ደረጃው ላይ ተሰለፉ፤ ሕፃን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ወጣ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የሱቅ ሻጮች፣ ከፍርድ ቤት ሲመለሱ የነበሩ አንድ ጥቁር ካባ የለበሱ ጠበቃ ሳይቀሩ ሕፃን ተቀበሉ። መይሙና ፍራሾቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰች የቀረ አለመኖሩን አይታ መጨረሻ ላይ ወጣች።

ሳይረኑ አሁንም እየጮኸ ነበር። ሰው ሁሉ ቁልቁል ያያል። ወንዙ ዝም ብሎ ይፈሳል። አንዲት ሴት "ኧረ ምንም የለም" አለች።

አፏ ሳይዘጋ መጣ። መጀመሪያ እንደ ከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ከመታጠፊያው ቡናማ የውኃ ግድግዳ ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ ብቅ አለ። ያልተበየደውን አጥር እንደ ወረቀት አጠፈው። ሕፃናቱ ተኝተውበት የነበረው ክፍል በር ተገንጥሎ ገባ፤ ፍራሾቹ እየተሽከረከሩ በመስኮት ወጡ። ሳይረኑ ከነእንጨቱ ወድቆ ድምፁ ተቋረጠ።

ደረጃው ላይ የቆመው ሰው ወደ ላይ አፈገፈገ። መይሙና ያቀፈቻትን ሕፃን ራስ ደረቷ ላይ ለጥፋ ታያለች። "አልሐምዱሊላህ" አለች፤ ደጋግማ አለች። ጠበቃው አማተቡ። እድላዊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ስታለቅስ ግን ስለ ቺፑ ማሰቧን ማቆም አልቻለችም። በምን ነቃ? ምን በልቶ?

መልሱን ያገኘችው ውኃው ሲጎድል ነው። ከአብዱልመናን ጋር ድልድዩ ሥር ወርደው ቺፑ ያለበትን ሳጥን ከደለል ቆፍረው አወጡት፤ ላሜራው ተጣሞ ነበር፤ ጥቅልሉ ግን ደህና ነው። ከመይሙና ግቢ በላይ ባለው የአቶ ሸዋንግዛው በረንዳ ላይ ሁሉንም ዘረጋችው። አባቷ፣ መይሙናና አብዱልመናን ዙሪያዋን ተቀመጡ። ማጠራቀሚያውን ለካችው፤ ባዶ ነበር። ሶላሯን ለካችው፤ ከጥቅም ውጭ ሆናለች።

ከዚያ የሽቦውን መንገድ በጣቷ ተከትላ ስትሄድ ቀጥ አለች።

"ጆሮው ነው" አለች።

"ምን ሆነ ጆሮው?" አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

"ጥቅልሉን የሠራነው እንዲሰማ ነበር፣ አባዬ፤ እንዲመግበው አልነበረም። ጎርፉ ከሩቅ ሲጀምር ላሜራው ከወትሮው በላይ ተንቀጠቀጠ። ከጥቅልሉ የወጣው ኤሌክትሪክ በዚህ በኩል ሾልኮ ቺፑ ጋ ደረሰ።" ሽቦውን በጣቷ አሳየቻቸው። "ኢምንት ነው። ሌላ ቺፕ ቢሆን አይሰማውም ነበር። ይሄኛው ግን በዚያ ነቃ። ከባዶ አልጀመረም፤ የተማረው ሁሉ እንዳለ ነበር። የሚሰማው ነገር ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ፤ የቀረችውን አጠራቅሞ ጠራን።"

"ይህን አንቺ አስበሽ ነው የሠራሽው?" አለ አብዱልመናን።

"አይደለም። በጭራሽ አላሰብኩትም።"

እድላዊት ሁሉንም ሽቦ ነቃቅላ ቺፑን ከላሜራውና ከጥቅልሉ ጋር ብቻ አስቀረችው፤ አዲስ አረንጓዴ መብራት አገናኘችለት። ላሜራውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስራ "እትዬ፣ ይምቱት" አለች። "በኃይል አይደለም፤ በጥፍርዎ።"

መይሙና ፈራ ተባ እያለች ጣቷን ዘረጋች። ላሜራውን ደጋግማ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። መብራቷ ብልጭ አለች።

መይሙና እጇን ሰበሰበች። እንደገና ነካችው፤ እንደገና በራች። ባትሪ የለም፣ ሶላር የለም፣ ከግድግዳ የመጣ ገመድ የለም፤ ያለው የእሷ ጣት ብቻ ነው።

"ከኔ ጣት ነው የሚበላው?"

"ከእርስዎ ጣት ነው።"

"የሚዞረው ግን ምንድን ነው፣ እድልዬ? ለአብዱልመናን ነግረሽዋል አሉ፤ ይዞራል ብለሽ።"

እድላዊት ለተማሪዎቿ የምትሰጠውን መልስ ልትሰጥ ጀምራ ተወችው። "ስሙ ነው ያሳሳተን፣ እትዬ። መጀመሪያ ያገኙት ሰዎች የሚሽከረከር መስሏቸው ስፒን አሉት። ኋላ ሲመረመር እንደ እንዝርት የሚሽከረከር አካል የለውም። አቅጣጫ ግን አለው። እንለካዋለን፣ እናዞረዋለን፣ ሥራ እንሰጠዋለን። ከተፈጠረ ጀምሮ አብሮት ያለ ነገር ነው፤ በዚህ ብረት ውስጥ፣ በዚህ ጠረጴዛ ውስጥ፣ በእርስዎ ጣት ውስጥም አለ። ለምን እንዲህ ሆነ ብትይኝ..." አንቱታውን እንኳ ረሳች። "አላውቅም። በሒሳብ እጽፈዋለሁ እንጂ ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል።"

"ሱብሃነላህ" አለ አብዱልመናን በለሆሳስ። አቶ ሸዋንግዛው የገዛ እጃቸውን ገልብጠው እያዩ ነበር፤ አሁን የተሰጣቸው ይመስል።

ክረምቱ ሳያልቅ ብዙ ነገር ተለወጠ። መይሙና ዳግመኛ ወደ ወንዙ ዳር አልወረደችም፤ አቶ ሸዋንግዛው የምድር ቤታቸውን ሁለት ክፍል ለሕፃናቱ ለቀቁ፤ "ጸጥታው ሰልችቶኝ ነበር" እያሉ ከልቅሶው መካከል ጋዜጣ ያነባሉ። እድላዊት የሆነውን ለተማረችበት ላቦራቶሪ ጻፈች። አላመኗትም፤ ራሳቸው ሞክረው ሲያዩ ነው ያመኑት። ተጨማሪ ቺፖች ላኩላት። ከወንዙ ዳር መነሳት ያልቻሉ ገና ብዙ ቤተሰቦች አሉና፣ አሁን በየድልድዩ ሥር ለማስቀመጥ አቀደች። በዚህኛው ግን ጥቅልሉ በአጋጣሚ ሳይሆን ታስቦበት ቺፑን እንዲመግብ አድርጋ ሠራችው።

መስከረም ሲጠባ፣ ዳገቱ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ እድላዊትና አብዱልመናን የመጀመሪያውን አዲስ ላሜራ ይዘው ከበፊቱ በጣም ሽቅብ ወዳለ ድልድይ ወጡ። አብዱልመናን በይዶ ሲጨርስ ወደ ዳር ወጥቶ ውኃ ለመጠጣት ተቀመጠ። እድላዊት ግን እዚያው ቀረች። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ቆማ፣ መዳፏን ላሜራው ላይ አሳረፈች። ብረቱ ይርገበገባል፤ በጣም በስሱ፣ እንደ ሕፃን አናት። በላይዋ ታክሲዎች ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፤ እሷ አልሰማቻቸውም።

"ዶክተር፣ በረደሽ እኮ! አትወጪም?" አላት አብዱልመናን ከዳር ሆኖ።

"ትንሽ ልቆይ፣ ጋሼ" አለችው፤ እጇንም አላነሳችም።